ይደርቃል፣ ተመልሶ ይፈሳል

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ባለፈው ክረምት ከብት ሲጠብቅ ወደቀ። ከጉልበቱ በታች አበጠ፤ ትኩሳቱም በረታ። ወጌሻ አሸው። በኋላ እባጩ ፈንድቶ መግል ወጣ። ቁስሉን በአዮዲን እናጥባለን፤ ይደርቃል፣ ወር ሳይሞላው ተመልሶ ይፈሳል። ሰሞኑን ደግሞ ስንጥር የመሰለ ነጭ ነገር ወጣበት። ሌላ ማጠቢያ ይሻለው ይሆን? (አንድ አባት፣ ከመንዝ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደጋግሜ ያነበብሁት የስንጥሯን ነገር ነው። የሞተ አጥንት ሳትሆን አትቀርም።

በልጆች ላይ አጥንት የሚያመግለው ጀርም አብዛኛውን ጊዜ በደም ተጉዞ በረጅም አጥንት ጫፍ፣ በተለይ በጉልበት አካባቢ ይሰፍራል። መግሉ መውጫ ሲያጣ የአጥንቱን ልባስ ገፍቶ ያላቅቀዋል፤ በልባሱ በኩል የሚመጣውም ደም ይቋረጣል። ደም ያጣ አጥንት ይሞታል። ደም የማይደርስበት ቦታ ደግሞ የሚዋጥም ሆነ የሚወጋ መድኃኒት በደንብ አይደርስም፤ አዮዲንማ ከላይ ይቀራል። እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 በስኮትላንዷ ግላስጎው እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን የቀደደበትን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል ጀርም በሚገድል ካርቦሊክ አሲድ አክሞ አድኖታል። ያ ግን ጀርም እንዳይገባ ነበር። የእርስዎ ልጅ ጀርም ከገባ ቆይቷል።

ስለዚህ ማጠቢያ መለወጡን ይተዉትና ልጁን ደብረ ብርሃን ወስደው ራጅ ያስነሡት። የሞተው አጥንት በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ክፍተቱ ይታጠባል፤ ናሙናም ይመረመራል፤ የአጥንት ቲቢም እንዲህ መግል ያፈሳልና።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ሐኪሙ «ጥቂት ወራት እንጠብቅ» ሊልዎት ይችላል። እባክዎን አይቆጡ። አካሉ በሞተው አጥንት ዙሪያ አዲስ አጥንት ይሠራል፤ ያ ሳይጠነክር አሮጌው ቢወጣ እግሩ የሚቆምበት ያጣል። በዚህ ተናደው ልጃቸውን ይዘው የተመለሱ አባት አውቃለሁ። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም።

እስከዚያው የቁስሉን አፍ በቅጠልም በጥጥም አይድፈኑት፤ መግሉ ይውጣ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። ከእንግዲህ አይታሽ፤ አይዝለል፤ ሸክምም አይሸከም፤ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ትኩሳቱ ከተነሣና እግሩ እንደገና ካበጠ ግን በዚያው ቀን ይዘውት ይውጡ።

ታናናሾቹም ትኩሳት ይዟቸው አንድ እግራቸውን አላስነካ ካሉ አይዘግዩ። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ራጁ ምንም ላያሳይ ይችላልና «ራጁ ደህና ነው» ቢባሉም ሕመሙ ካልለቀቃቸው ተመልሰው ይሂዱ። በጊዜ ከተያዘ ለሳምንታት በሚወሰድ መድኃኒት፣ መግል ከቋጠረም ተከፍቶ በማፍሰስ ይድናል።

ስንጥሯን ካልጣሏት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋት ይሂዱ፤ ለሐኪሙ ያሳዩለት።