ከድዴ ይልቅ ላንቃዬ ነው ያሰቃየኝ

ሰላም እህቴ። ከላንቃሽ ሥጋ ተወስዶ ድድሽ ላይ ሊተከልልሽ ቀጠሮ ይዘሻል፤ የላንቃው ቁስል በምን ቢሸፈን ይሻላል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሁለቴ አሠርቻለሁ፤ ሁለቱንም እዚሁ ሜሪላንድ። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

መጀመሪያ ሐኪምሽን አንድ ነገር ጠይቂው። የሚወስደው ከነላይኛው ሽፋን ነው ወይስ ከሥር ያለውን ሥጋ ብቻ? ከሥር ብቻ ከሆነ ላዩን መልሶ ይሰፋዋል፤ ብዙም አትሰቃዪም። ከነሽፋኑ ከተነሣ ግን ክፍት ቁስል ነው የሚተርፍሽ። የሚፈላ ሽሮ ላንቃሽን ልጦት ያውቃል? እሱን አሥር እጥፍ አድርጊው።

የኔ ሁለቱም ክፍት ነበሩ። በመጀመሪያው ሐኪሙ ኮላጅን የሚባል ስፖንጅ መሳይ ነገር አድርጎ በክር ያዝ አደረገውና ሸኘኝ። ኮላጅን ደም ያረጋል፣ ጥሩ ነው። ግን ይሟሟል። በ3ኛው ቀን በምላሴ ብፈልገው የለም! ከዚያ በኋላ ውሃ ስጠጣ እንኳ እንባዬ ይመጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ምላሴን ማሳረፍ አልቻልኩም።

ለሁለተኛው ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሷ ቀደም ብላ የላይኛው ጥርሴን ልክ ወስዳ ላንቃ የሚሸፍን ስስ የፕላስቲክ ፕሌት አሠራችልኝ። ሪቴይነር በይው። በቀኑ ኮላጅኑን አድርጋ ሰፋች፣ ላዩን በሕክምና ሙጫ ቀባችው፣ ከዚያ ፕሌቱን ገጠመችልኝ። ምግብ ቁስሉን አይነካው፣ ምላስም አይደርስበት። "ሰ" ስል ያፏጭብኝ ነበር፤ ልጆቼ ሲስቁብኝ ከረሙ። ኢንሹራንሴ አልሸፈነውም፤ ከኪሴ ከፍዬም አልቆጨኝም። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪና ፕሌት ጠይቂ፤ ልክ ተወስዶ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል።

ፓክ የሚባለውን ሮዝ ሊጥ የሚመስል የቁስል መሸፈኛ ካቀረቡልሽ ብቻውን አትቀበዪ ባይ ነኝ። ላንቃ ላይ የሚይዝበት ስለሌለው ቶሎ ይወድቃል።

ደም ከመጣ አትጉመጥመጪ፣ አትትፊ። እርጥብ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ወይም በውሃ የራሰ የጥቁር ሻይ ከረጢት 20 ደቂቃ ጥብቅ አድርገሽ ያዢበት። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ደም ለማቆም ያግዛል። ካልቆመ ወዲያው ደውዪላቸው። ከቀናት በኋላ ነጣ ያለ ሽፋን ብታዪ መግል መስሎሽ እንዳትፍቂው፤ ሲድን እንደዚያ ነው። ክፍት ቁስል እስኪሸፈን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል።

ምግብ? ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ በርበሬ ያልነካው ነገር። ቆሎና ሚጥሚጣ ይቆዩሽ። ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን የአፍ መጉመጥመጫ ካዘዙልሽ ደግሞ ከቡና ጋር ጥርስ ያጠቁራል፤ አትደንግጪ፣ ሲያጸዱልሽ ይለቃል።

ፕሌቱን በፍል ውሃ እንዳታጥቢው፣ ይጣመማል። ስትበዪም አታውልቂው። እኔ ምግብ ቤት ውስጥ በሶፍት ጠቅልዬ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጥቼ፣ አስተናጋጇ ናት መኪናዬ ድረስ ሮጣ ያደረሰችልኝ።