ነጩ ድርብርብ ጨው አይደለም፤ ድኙንም አይግዙት

ጠያቂያችን ዙሪያውን በነጫጭ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ በተከበበና ውሃው መውጫ በሌለው በረሃማ ሜዳ ላይ ብርቱካን ተክለዋል። በሁለተኛው ዓመት የሚያቆጠቁጡት ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ሲቆፍሩ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ዶማ የማይበሳው ነጭ ድርብርብ አገኙ። የላቦራቶሪው ወረቀት የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) 8.2፣ ካልሲየም ካርቦኔት (ኖራ) 22 በመቶ፣ የጨው መለኪያው (ኢሲ) 0.9 ይላል። አንዱ «ጨው ነው፣ ጀሶ ጨምርበት» አላቸው፤ ሌላው «ድኝ በትንበት» አላቸው። እሳቸው ደግሞ ቢጫው እንዳይብስ ብለው በየቀኑ ያጠጣሉ።

ከውሃው ልጀምር፤ በየቀኑ ማጠጣቱን ዛሬውኑ ያቁሙ። ኖራ የበዛበት አፈር ውሃ ጠጥቶ ሳይደርቅ ሲከርም፣ ሥሩና በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕይወት የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫ ያጣና ከኖራው ጋር ተዋህዶ ባይካርቦኔት ይሆናል። ባይካርቦኔት ደግሞ ተክሉ ብረት እንዳይወስድ የሚከለክል ዋናው ጠላት ነው። ከታች ውሃ የማያሳልፍ ድርብርብ እንዳለ ያዩት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ የሚያጠጡት ውሃ እዚያው ላይ ይተኛል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃ፣ ውሃ ሲበዛ ደግሞ ቢጫ። ጣትዎን 15 ሴንቲ ያህል አስገብተው እርጥበት ከተሰማዎት ቀኑን ይዝለሉት።

አሁን ወደ ነጩ ነገር። ጨው መሆን አለመሆኑን ለመለየት ከፍርፋሪው ትንሽ ወስደው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጨምሩና ያማስሉ። ጨው ከሆነ ሟሙቶ ይጠፋል። ካልጠፋ ሌላ ፍርፋሪ መዳፍዎ ላይ ያድርጉና መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ያርጥቡት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ደረቅ አፈር ውስጥ የታመቀ አየር ፈሳሽ ሲነካው አረፋ ስለሚያወጣ ያታልላል። ከረጠበ በኋላ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበትና ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ። ቺስስ ብሎ ከፈላ ኖራ ነው። ጀሶ አይፈላም። የእርስዎ እንደሚፈላ ከወረቀቱ ቁጥር ብቻ መናገር እችላለሁ፤ ኢሲ 0.9 ላይ የጨው ችግር የለብዎትም።

ያ ድርብርብ የመጣው ከኮረብታውና ከአቧራው ነው። የዝናብ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ ደካማ አሲድ ይሆንና ነጩን ድንጋይ እያሟሟ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ነፋስም የኖራ ብናኝ ያመጣል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ሁሉ ታጥቦ ወደ ከርሰ ምድር ይሄዳል። በረሃ ላይ ግን እርጥበቱ ግማሽ ሜትር ያህል ወርዶ ይደርቅና የያዘውን ኖራ እዚያው ጥሎት ይቀራል። በሺህ ዓመታት ውስጥ መጀመሪያ የጠጠሩን ሆድ ይለብጣል። አንድ ጠጠር ከጉድጓዱ ግድግዳ ነቅለው ይገልብጡት፤ ከላይ ጠቆር ብሎ ከታች በኩል ነጭ ቅብ ካለው ይኸው ነው። ቀጥሎ እንክብል ይሠራል፣ ከዚያ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፣ በመጨረሻም ውሃ ስለሚተኛበት ከላዩ ንጣፍ የመሰለ ቅርፊት ያበጃል። አሜሪካውያን የአፈር ተመራማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ይህን ጉዞ በ4 ደረጃ ከፍለው ጽፈውታል። የእርስዎ፣ ዶማ ካልበሳው፣ ወደ መጨረሻው የተጠጋ ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርዎት። መውጫ በሌለው ሜዳ ላይ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ቀድሞ የሚቀመጠው ኖራ ነው፤ ቀጥሎ ጀሶ፤ መጨረሻ ላይ፣ ዝቅተኛው መሐል ሜዳ ላይ፣ ጨው። እርሻውን ለማስፋት ካሰቡ ወደ ኮረብታው ግርጌ እንጂ ወደ መሐል አይሂዱ። መሐሉ ደልዳላና ድንጋይ የሌለው ስለሆነ ያማልላል፤ ግን ከኖራ ጋር መኖር ይቻላል፣ ከጨው ጋር ይከብዳል።

የቅጠሉ በሽታ የብረት እጥረት ነው። ናይትሮጅን ቢሆን አሮጌዎቹ የታች ቅጠሎች ቀድመው ይገረጡ ነበር። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ግራ የሚገባው፣ አፈሩ ውስጥ ብረት ሞልቶ ተክሉ በብረት መራቡ ነው። ከ100 ኪሎ አፈር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ኪሎ ብረት አለ። ነገር ግን ፒኤች በ1 ቁጥር በጨመረ ቁጥር የሚሟሟው ብረት ወደ ሺህ እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ላቦራቶሪውን «ጠቅላላ ብረት» አይጠይቁት፤ በዲቲፒኤ (ተክሉ ሊወስደው የሚችለውን ብረት ከአፈሩ በሚያወጣ ኬሚካል) የሚለካውን ይጠይቁ። ያ ቁጥር ከ4.5 ሚሊ ግራም በኪሎ በታች ከሆነ ተክሉ ሊቸገር ይችላል።

ድኙን በተመለከተ ደግሞ ከራሴ ኪስ የወጣ ትምህርት አለኝ። ሥራ ስጀምር ሁለት ዓመት ሙሉ ድኝ በከረጢት እየበተንኩ በየስድስት ወሩ ፒኤች ስለካ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ወረቀት ይዤ ያሰላሁት ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ ዛፍ ሥር 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ይሁን፤ 2 ሜትር ኩብ፣ ወደ 2,600 ኪሎ አፈር ማለት ነው። 22 በመቶው ኖራ ሲሆን 572 ኪሎ። ድኝ አፈር ውስጥ አሲድ ሆኖ ነው ኖራን የሚበላው፤ 100 ኪሎ ኖራ ለመጨረስ 32 ኪሎ ድኝ ስለሚያስፈልግ፣ ለአንድ ዛፍ 183 ኪሎ ድኝ ይፈልጋሉ። ኖራው ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ፒኤቹ እዚያው 8 አካባቢ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። ጀሶም በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ፒኤች አያወርድም፤ የእሱ ሥራ ሶዲየም ያጠቃው አፈር ላይ ነው። ያ አፈር ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ8.5 ያልፋል። የእርስዎ አላለፈም።

ስለዚህ አፈሩን ለመለወጥ አይታገሉ፤ ሥሩ የሚኖርበትን ትንሽ ቦታ ያመቻቹለት። የመጀመሪያው ሥራ ድርብርቡን መብሳት ነው። ከግንዱ አንድ ሜትር ያህል ርቀው በድጅኖ፣ አቅም ካለ በመሰርሰሪያ ማሽን፣ እስከ ታችኛው ልል አፈር ድረስ ቀዳዳ ያውጡ። ብዙ ጊዜ ከቅርፊቱ ሥር ያለው አፈር ለስላሳ ነው፤ ድጅኖው ድንገት ሲሰጥም እጅዎ ያውቀዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ካቆሙ ግን ከሸክላ ድስት በቀር የሠሩት ነገር የለም። ሲጨርሱ ውሃ ሞልተው ይጠጣ፣ ደግመው ሞልተው በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በእንጨት ይለኩ። በሰዓት 2 ወይም 3 ሴንቲ እንኳ ካልወረደ አልበሱትም። ሲወርድ በጠጠርና በበሰለ ኮምፖስት ይሙሉት። አመድ ግን አይጨምሩ፤ አመድ ራሱ ፒኤች ያንራል።

ብረቱን የሚሰጡት በኬሌት (ብረቱን አቅፎ እንዳይዝግ በሚጠብቅ ውህድ) ነው፤ ኬሌት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ኢዲቲኤ የሚባለው ከፒኤች 6.5 በላይ ብረቱን ይለቀዋል፤ ዲቲፒኤ ከ7.5 ብዙ አያልፍም። ለእርስዎ የሚሆነው ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ነው። ጠቆር ያለ ቀይ ዱቄት ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። ፀሐይ ስለሚያበላሸው አፈሩን ጫር አድርገው ያፍስሱትና መልሰው ይሸፍኑት፤ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ ይውሰዱ። ርካሹ የብረት ሰልፌት እርስዎ መሬት ላይ ከገባ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ዝገት ይሆናል። ቅጠል ላይ መርጨትም የነካውን ነጥብ ብቻ ያረነጉዳል። ለዚንክና ለማንጋኒዝ ግን ቅጠል ላይ መርጨት ጥሩ ይሠራል፤ ቅጠሎቹ ማነስና መጥበብ ከጀመሩ ዚንክን ይጠርጥሩ።

ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ከበተኑት ኖራው ይይዘዋል፤ ሥሩ አጠገብ በመስመር ይቅበሩት። ዩሪያ ከላይ ተበትኖ ካደረ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ሰጥተው ወዲያው ያጠጡ።

ለሚቀጥለው ተከላ ችግኝ ሲገዙ የላዩን ዝርያ ብቻ አይጠይቁ፤ የተዳቀለበት የታችኛው ግንድ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ሦስት ቅጠል ያለው ብርቱካን (ትራይፎሊየት) እና ከእሱ የተገኘው ስዊንግል ኖራ አይችሉም፤ የእርስዎ ዛፎች በእነሱ ላይ ከሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ኬሌት ይጠይቃሉ። መራራ ብርቱካን ኖራን በደንብ ይችላል፤ ትሪስቴዛ የሚባለው ቫይረስ ባለበት አካባቢ ግን ቫይረሱ በእሱ ላይ ያለውን ዛፍ ይገድላል። እዚያ ከሆኑ «ቮልካሜሪያና» የሚባለውን የሎሚ ዓይነት ይሞክሩ።

ኬሌቱን ከሰጡ በኋላ አሁን ቢጫ በሆኑት ቅጠሎች አይፍረዱ፤ እነሱ ላይመለሱ ይችላሉ። የሚቀጥለው እምቡጥ ሲፈታ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ሠርቷል። ያም ቢጫ ከሆነ ኬሌት አይጨምሩ፤ መጀመሪያ የበሱትን ቀዳዳ እንደገና በውሃ ይፈትኑት።