ውሻዬ ውሃ መጠጣት ቀነሰ፤ በግድ ላጠጣው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሁለት ውሾች አሉኝ። ወንዱ 4 ዓመቱ ነው፤ 20 ኪሎ ይመዝናል። ለሁለቱም ደረቁን ምግብ ትተን የታሸገውን እርጥብ ምግብ መስጠት ከጀመርን ወዲህ የውሃ ሳህኑን እምብዛም አይነካም። አፍንጫውንም አንዳንዴ ደርቆ አገኘዋለሁ። ውሃ አንሶት ይሆን? በግድ ላጠጣው? ሴቷ እንኳ በዚህ በኩል አታስቸግርም። 9 ዓመቷ ነው፣ 12 ኪሎ ትሆናለች፣ ወልዳ አታውቅም። እንዲያውም ሰሞኑን ሳህኑን ሙልጭ አድርጋ ነው የምትጠጣው። ሌሊት ቤት ውስጥ መሽናት ስለጀመረች ብቻ ማታ ማታ ውሃውን እናነሳባታለን።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ወንዱ ነው፤ እኔን ያሳሰበችኝ ግን ሴቷ ናት። የወንዱን አስቀድሜ ልጨርስ።

ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። ለእርስዎ ውሻ ከ1 እስከ 1.2 ሊትር መሆኑ ነው። ይህ መጠን ግን ከምግቡ የሚያገኘውንም ይጨምራል። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከእርጥቡ ምግብ ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ከበላ ወደ 750 ሚሊ ሊትር ውሃ አብሮ በላ ማለት ነው፤ ሳህኑን ችላ ቢል አይፈረድበትም። በሞቃት ቀንና ከሩጫ በኋላ ብቻ ይከታተሉት። ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ሳይሆን በማለክለክ ስለሆነ ያኔ ከአፉና ከምላሱ ብዙ ውሃ ይተናል።

አፍንጫውን ይተዉት፤ ጤነኛ ውሻም ተኝቶ ሲነሳ አፍንጫው ይደርቃል። ይልቅ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን በጣትዎ ይንኩት። እርጥብና የሚያሟልጭ ከሆነ ደህና ነው፤ ጣት የሚይዝ ከሆነ ውሃ አንሶታል። ቆዳን ቆንጥጦ ሲለቁት ቶሎ ይመለስ እንደሆነ ማየትም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ያረጀና የከሳ ውሻ ቆዳ ውሃ ባያንሰውም ቶሎ አይመለስም፣ የወፈረው ደግሞ አንሶትም ይመለስለታል። በሲሪንጅ አፉ ውስጥ ውሃ አይግፉበት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ሴቷ። ምግቧ እርጥብ ከሆነ እንደ ወንዱ መቀነስ ሲገባት እሷ ጨመረች። በእርጅናዋ አመሏ ተበላሽቶም አይደለም ቤት ውስጥ የምትሸናው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከሽንቱ ነው፦ ኩላሊቷ ውሃ መያዝ ሲያቅተው ወይም ስኳር በደሟ ሲበዛ ሽንቷ ይበዛል፣ የወጣውን ለመተካት ደግሞ ትጠጣለች። ሳህኑን ሲያነሱባት ሽንቱ አይቆምም፤ መተኪያው ብቻ ይቀርባታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰውነቷ ይደርቃል። ስለዚህ ውሃው ከዛሬ ማታ ጀምሮ አይነሳ። ምንጣፉ ይታጠባል።

ነገ ጠዋት ለሁለቱ የተለያየ ሳህን ይስጡና እንዳይቀላቀሉ ይለዩአቸው። የእሷን ውሃ ለክተው ይሙሉ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የጨመሩላትንም ይመዝግቡ፣ በመጨረሻ የተረፈውን ይቀንሱ። በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ማለትም ለእሷ ከ1.2 ሊትር በላይ ከጠጣች በእርግጥም ከልክ አልፏል። ከዚያ በታች ቢሆንም ከቀድሞዋ ጨምራለችና ምርመራው አይቀርላትም። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንቷን በንጹሕ ዕቃ ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት፤ ሽንቱ ምን ያህል እንደቀጠነ ብቻውን ብዙ ይናገራል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የአለርጂና የብግነት ማስታገሻ መድኃኒት እየወሰደች ከሆነም ይንገሩ፤ እሱም ያስጠማል።

አንድ የማያቆይ ነገር አለ። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ፣ ወንድ የፈለገችበት ጊዜ ካለፈ ስንት ሳምንት እንደሆነው ያስታውሱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ገደማ ማህፀን መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ከምልክቶቹም አንዱ ብዙ መጠጣት ነው። መግሉ ወደ ውጭ ላይፈስ ስለሚችል ፈሳሽ አላየሁም ብለው አይዘናጉ። ምግብ ከተወች፣ ካስታወከች፣ ከደከመች ወይም ሆዷ ከተነፋ ውሃ መለካቱንም ሽንት መያዙንም ትተው በዚያው ሰዓት ይውሰዷት።