ኮድ የተከፈተለት ሲግናል ጄኔሬተር፦ «ዕቃው የራሴ ነው» እስከ የት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሙያዬ ሌላ ቢሆንም ኤሌክትሮኒክስ ነፍሴ ነው፤ ምድር ቤት ውስጥ አንዲት የሥራ ጠረጴዛ አለችኝ። ባለፈው ዓመት እስከ 40 ሜጋኸርዝ የሚያመነጭ ሲግለንት ኤስዲጂ2042ኤክስ ሲግናል ጄኔሬተር (ሰርኪዩት ለመፈተሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ) ገዛሁ። የ120 ሜጋኸርዙ ሞዴል በውስጡ ከዚህ የማይለይ መሆኑን፣ የሚለያያቸውም የመክፈቻ ኮድ ብቻ መሆኑን ሰማሁ። ኮዱን የሚያወጣ ፕሮግራም አግኝቼ ከፈትኩት፤ ሠራ። አሁን ደግሞ ጓደኞቼ የእነርሱንም እንድከፍትላቸው እየጠየቁኝ ነው። ለአንድ መሣሪያ 50 ዶላር ላስከፍል አስቤአለሁ። ዕቃው በገንዘቤ የገዛሁት የራሴ ነው፤ ሕጉ ምን ይለኛል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። ለራስዎ የከፈቱት አንድ ጉዳይ ነው፤ በ50 ዶላር ለሰው የሚከፍቱት ሌላ ጉዳይ። ስለ መጀመሪያው እንቅልፍ የሚያሳጣዎት ነገር አይታየኝም። ሁለተኛውን ግን ከመጀመርዎ በፊት እጅዎን ይሰብስቡ።

ሣጥኑና ሰሌዳው በእርግጥ የእርስዎ ናቸው፤ ቢያሻዎት በመዶሻ ይሰባብሯቸው። በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ግን የቅጂ መብቱ የአምራቹ ነው። በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 1201፣ በቅጂ መብት ወደተጠበቀ ሥራ መግቢያውን የሚቆጣጠር ቴክኒካዊ ቁልፍን ማለፍ ይከለክላል። ክልከላው የዕቃው ባለቤት ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ታዲያ የእርስዎ ኮድ እንዲህ ያለ ቁልፍ ነው? ፍርድ ቤቶች እዚህ ላይ አልተስማሙም። በ2004 ሁለት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ለእርስዎ የሚያደላ ውሳኔ ሰጥተዋል። አንደኛው የጋራዥ በር መክፈቻ አምራቹ ቻምበርሊን በስካይሊንክ ላይ ያቀረበው ክስ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ቁልፉን ማለፍ ከቅጂ መብት ጥሰት ጋር ካልተያያዘ ሕጉ አይደርስበትም አለ። ሁለተኛው የማተሚያ ቀለም ጉዳይ ነው፤ ሌክስማርክ የሌላ ሰው የቀለም ዕቃ በማተሚያው እንዳይሠራ በቺፕ ቢቆልፍም፣ ማተሚያውን የገዛ ሁሉ ፕሮግራሙን ከማኅደረ ትውስታው ማንበብ ስለሚችል ሕጉ የሚለው ዓይነት ቁልፍ አይደለም ተባለ። በ2010 ግን ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ብሊዛርድ በተባለው የጨዋታ ኩባንያ ጉዳይ ላይ፣ ከጥሰት ጋር መያያዙ አያስፈልግም ብሎ የቻምበርሊንን መንገድ ሳይከተል ቀረ። እኔ ለእርስዎ ጠበቃ ብቆም የምይዘው የሌክስማርክን ክርክር ነው፦ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ እጅዎ ገብቷል፤ ኮዱ የገደበው አንድን ቁጥር ነው። ጥሩ ክርክር ነው፤ የተረጋገጠ መብት ግን አይደለም።

«ለስልክ የተፈቀደው ለእኔ ለምን አይሆንም?» ይሉ ይሆናል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በየ3 ዓመቱ ከክልከላው ነፃ የሚሆኑትን ይወስናል። ስልክን ወደ ሌላ የቴሌኮም ድርጅት ለማዞር መክፈት ተፈቅዷል፤ ለግል አገልግሎት የሚውሉ መሣሪያዎችን መጠገንም እንዲሁ፤ በ2024 የምግብ ቤት አይስክሬም ማሽን ሳይቀር ለጥገና ነፃ ወጥቷል። ጥገና ማለት ግን ዕቃውን ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ ነው። 40 የነበረውን 120 ማድረግ በየትኛውም ትርጉም ጥገና አይባልም።

አሁን ወደ 50 ዶላሩ ልምጣ። ሕጉ ቁልፍ የሚያልፍ ፕሮግራም መሸጥን ብቻ ሳይሆን ለዚሁ የሚሰጥ «አገልግሎትንም» በስሙ ጠርቶ ይከለክላል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ፈቃዶችም ይህን ክፍል አይነኩትም። አምራቹ በፍትሐ ብሔር ቢከስዎ ጉዳቱን በማስረጃ ማስላት ሳያስፈልገው፣ ለእያንዳንዱ ለሰጡት አገልግሎት ከ200 እስከ 2,500 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ለ10 ጓደኞች ከፍተው 500 ዶላር ቢያገኙ፣ ሊጠየቁ የሚችሉት እስከ 25,000 ዶላር ነው። ከዚህም የሚብሰው የወንጀሉ ክፍል ነው፦ ሆን ብሎ ለንግድ ጥቅም ወይም ለግል ገቢ ያደረገው ሰው ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። ዐቃቤ ሕግ ለአንዲት የሥራ ጠረጴዛ ይነሣል ብዬ አይደለም፤ ነገር ግን በምድር ቤትዎ የተደረገውን ወደ ወንጀል ሊያሻግረው የሚችለው ያችው 50 ዶላር ናት። ፕሮግራሙን በነፃ ማደልም ከወንጀሉ ቢያድንዎ ከፍትሐ ብሔሩ ክስ አያድንዎትም።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከቅጂ መብቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው አውሮፕላን አብራሪና የመቆጣጠሪያ ማማ የሚነጋገሩበት ሞገድ ነው። በ40 ሜጋኸርዝ ጣሪያ እዚያ አይደርሱም ነበር፤ አሁን ይደርሳሉ። መሣሪያው በኬብል ከሰርኪዩትዎ ጋር ብቻ እስከተገናኘ ድረስ ምንም አይደለም። መውጫው ላይ እንደ አንቴና የሚያገለግል ሽቦ ከሰኩበት ግን ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ይሆናል፤ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ቢኖርዎትም በዚህ ሞገድ አይሠራም። እርስዎ ያሉት ደግሞ በባልቲሞሩ ቢደብልዩአይና በዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በዚህ ላይ ትዕግሥት የለውም።

ዋስትናውን በተመለከተ፣ ብልሽቱ ከከፈቱት ኮድ የመጣ ከሆነ አምራቹ አልጠግንም ማለት ይችላል፤ ኃይል መስጫው ቢቃጠል ግን ኮዱን ሰበብ ማድረግ ይከብደዋል። ሊሸጡት ካሰቡ በማስታወቂያው ላይ «40 ሜጋኸርዝ ሆኖ የተገዛ፣ በኋላ በኮድ የተከፈተ» ብለው ይጻፉ። እንደ 120 ሜጋኸርዝ ሞዴል አስመስሎ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው።

ለጓደኞችዎ የምመክርዎት፣ ሻጩ የማሻሻያ ፈቃድ የሚሸጥ ከሆነ ያንን እንዲገዙ ነው። ምናልባት ከአንድ ሁለቱ ገንዘቡን አስቀድመው ተቀብለው ከሆነ ሥራውን እዚያው ያቁሙ፤ የተላላካችሁትን መልእክት ግን እንዳይሰርዙ። ከአምራቹ ደብዳቤ ቢደርስዎ ራስዎ መልስ ሳይጽፉ በፌዴራል የቅጂ መብት ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ያሳዩ።