መልስ፦ የሴኔካ ሞካሲን ላይ ያለው የጃርት እሾህ እግር አይወጋም?

ወንድሜ፣ አይወጋም። ሞካሲን ለስላሳ የቆዳ ጫማ ነው፤ ሴኔካዎች ደግሞ በጃርት እሾህ የሚያስጌጡት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው። እሾሁ እንደ ዶቃ ተበስቶ የሚሰካ ከመሰለህ ግን አልፈርድብህም፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። እኛ ጃርት ስንል የምናስበው ያንን ረጅምና ወፍራም፣ ጥቁርና ነጭ እሾህ ነው። የሰሜን አሜሪካው ጃርት ሌላ ዝርያ ነው፤ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ እሾሁም ቀጭንና አጭር ነው፣ ቢበዛ አንድ ጣት ቢያህል ነው። አንዱ እንስሳ ብቻ ወደ 30,000 ገደማ ይሸከማል።

የሴኔካ ሴቶች እሾሁን ውሃ ውስጥ ይነክሩና ሲለሰልስ በጥርሳቸው ወይም በአጥንት መሣሪያ ይጨፈልቁታል። ያኔ እንደ ጠፍጣፋ ሰንበሌጥ ይሆናል። ሹል ጫፉ ተቆርጦ ይጣላል። ከዚያ በጅማት ክር ላይ እያጠፉ ይሰፉታል፤ ስፌቱ የቆዳውን ላይኛ ገጽ ብቻ ነክቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እግርህ የሚነካው ልስልስ የአጋዘን ቆዳ ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለ አሠራሩ፦ አሜሪካዊው የሕዝቦች ባህል አጥኚ ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1851 እንደጻፈው፣ ጫማው ከአንድ ቁራጭ ቆዳ ይወጣል፤ የሚሰፋው ተረከዙና ከእግሩ በላይ ፊት ለፊት ነው፣ ከሥር ስፌት የለውም። ጌጡም ብዙ ጊዜ ያንን የፊት ስፌት ተከትሎ ይወርዳል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታጠፈው ክንፍም ያጌጣል።

የመስታወት ዶቃ ከአውሮፓ ከገባ በኋላ የእሾህ ሥራው እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ ገበያ ላይ ባለ ዶቃ ካየህ «የውሸት ነው» ብለህ አትለፈው፤ እሱም የራሳቸው ነው።