ሳሎኔን ጋለሪ ላደርገው ነው፣ ባለቤቴ ግን…

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሁለት ሰዓሊ ጓደኞች አሉኝ፣ ማሳያ ቦታ አጥተው ሥራቸውን ስቱዲዮ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ደርድረውታል። የኛ ሳሎን ሰፊ ነው፣ ለምን ጋለሪ አላደርገውም አልኩ፣ ባለቤቴ ግን «ቤታችን ሱቅ ሊሆን ነው?» ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ያነሳው ነገር ቀላል አይደለም፣ እሱን ሳትመልሺ አንድ ሚስማር እንዳትመቺ። ሐሳብሽ ግን አዲስም እብደትም አይደለም። የሥዕል ነጋዴው ሊዮ ካስቴሊ እ.ኤ.አ. በ1957 ኒውዮርክ ላይ ጋለሪውን የከፈተው እዛው የሚኖርበት አፓርታማ ውስጥ ነው፣ በ1958 የአሜሪካዊውን ሰዓሊ የጃስፐር ጆንስን የመጀመሪያ የግል ኤግዚቢሽን ያሳየውም እሱ ነው። በኋላ ታዋቂ የኤግዚቢሽን አዘጋጅ የሆነው ሃንስ ኡልሪሽ ኦብሪስትም በ1991 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኤግዚቢሽን ያዘጋጀው ኩሽናው ውስጥ ነበር፣ እሱ ራሱ ምግብ ስለማያበስል ማንም አልተቸገረም (አንቺ ቤት ግን ምግብ ይሰራል ብዬ ልገምት)። ለባለቤትሽ የምትነግሪው ግን ሥዕል ሰብሳቢ የነበረውን የጂም ኢድን ታሪክ ነው። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ያለውን ቤቱን፣ ኬትልስ ያርድን፣ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች ይከፍት ነበር፣ ከዛ ውጪ ያው መኖሪያው ነበር።

እናንተም ሰዓት ቁረጡ። በሳምንት አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ እሱም በቀጠሮ ብቻ፣ አድራሻውንም ቀጠሮ ለያዘ ሰው ነው የምትልኪው። መኝታ ቤት ይቆለፋል፣ መታጠቢያ ቤቱን ግን እንግዳ መጠቀሙ ስለማይቀር መድኃኒት ምናምን ካለ ቀድመሽ አንሺ።

ግድግዳው ላይ ደግሞ አትስገብገቢ። ከሶፋ በላይ የተሰቀለ ሥዕል ጌጥ ነው የሚመስለው፣ ሰውም ከሶፋው ቀለም ጋር እያስተያየ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ አንዱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አራቁቺውና እቃውን ወደ ሌላው ወገን ግፊው። የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 150 ሴንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ለቆመ ሰው ዓይን ልክ ይመጣል። ሰፋ ያለውን በሁለት መንጠቆ ስቀዪው፣ በአንድ ከሆነ በር በተዘጋ ቁጥር ይጣመማል። ወረቀት ላይ የተሰራ ነገር፣ ውሃ ቀለምም ህትመትም፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ በጭራሽ እንዳታደርጊ፣ ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ በሆነ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ነው የሚያሳዩት፣ አንዴ የለቀቀ ቀለም አይመለስማ። ከኩሽና የሚወጣ ቅባትና እንፋሎትም ሸራው ላይ ነው የሚያርፈው፣ በሩን ዝጊ።

አሁን ሰው የሚያፍርበት ነገር፣ ወረቀት። ጓደኞቼ ናቸው ብለሽ በቃል እንዳትቀሪ። ሥራው ቤትሽ ሲገባ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺው፣ ጭረት ካለው ጻፊ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ዋጋው፣ እስከመቼ አንቺ ጋር እንደሚቆይ፣ ሲሸጥ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚደርሳቸው፣ ኮሚሽንሽም እዛው ይግባ። ብዙ ጋለሪዎች እስከ 50 በመቶ ይወስዳሉ፣ ግን እነሱ ኪራይና ሠራተኛ አለባቸው፣ አንቺ ያን ያህል ብትጠይቂ እኔ ራሴ እታዘብሻለሁ። ተራ የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ለሽያጭ የተቀመጠ የሰው ንብረትን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቂ። ቤቱ ኪራይ ከሆነ የኪራይ ውሉንም አንብቢ።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳን ቤቴን ጋለሪ ካደረግኩት ቆየሁ። ሰው ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ የሚገዛ ግን የለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዋጋ ዝርዝር አለህ? ሰው ቤት ተጋብዞ «ይሄ ስንት ነው» ማለት ያሳፍራል፣ እንግዳ ነዋ። የሰዓሊውን ስም፣ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ በምን እንደተሰራ፣ መጠኑንና ዋጋውን አንድ ገጽ ላይ ጻፍና በሩ አጠገብ አስቀምጥ፣ ሳይጠይቅ ያንብበው። የመክፈቻው ቀን ሕዝብ ለጨዋታ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ሥዕል ፊት ቆሞ የቀረውን ሰው ግን ስልኩን ተቀበልና በማግስቱ ደውልለት፣ ብቻውን መጥቶ ይየው። የመጽሐፍ መደርደሪያህ ይሸጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም፣ ዋጋው ደህና ከሆነ አስብበት።