ውርጭ ለመታው ፕሎት ቁጥር አይፈጠርለትም

ውድ እኅቴ፤

ከጠባሴ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍሽ በባሶና ወራና 6 የባቄላ ዝርያዎችን በ4 ድግግሞሽ ዘርተሽ፣ ከ24ቱ ፕሎቶች (የሙከራ መደቦች) 3ቱን የጥቅምት ውርጭ እንደመታብሽ፣ አማካሪሽ ከጎን ያሉትን እያየሽ ቁጥር እንድትሞዪላቸው እንደነገሩሽ፣ ታላቅ ወንድምሽም «አባባ በሬ የሸጠው ዓመት እንድትጨምሪ አይደለም» እያለ እንደሚያስጨንቅሽ ጽፈሻል።

ምላሼ አንድ ነው፦ አትሙዪ። ሥራ የጀመርኩት በመስክ ረዳትነት ነበርና ይህን ፈተና አውቀዋለሁ። አንድ ክረምት ዝናቡና ጭቃው አላስወጣ ሲለኝ፣ ያልለካሁትን የተክል ቁመት ቤት ተቀምጬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ቁጥሮቹም ሪፖርት ውስጥ ገቡ። ዛሬ መዝገቡን ቢሰጡኝ የተለካውን ከተፈጠረው እኔ ራሴ መለየት አልችልም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከጎረቤት ፕሎት ታይቶ የሚሞላ ቁጥር ለአማካዩ የቀረበ ስለሚሆን በድግግሞሾቹ መካከል ያለውን እውነተኛ ልዩነት ያሳንሰዋል፤ የሙከራው ስሕተት (ከዝርያው ያልመጣው መለያየት) ባልተገባ መንገድ ሲያንስ ደግሞ የማይበላለጡ ዝርያዎች የሚበላለጡ መስለው ይወጣሉ፤ ያንን ዘር አምኖ የሚዘራው የመንዝ ገበሬ ነው። ይልቁንም 3ቱ ፕሎቶች የአንድ ዝርያ ከሆኑ ውርጩ ራሱ ግኝት ነውና፣ ለደጋ ገበሬ ከምርት መጠን የማያንስ መረጃ ልትሰውሪ ነው።

የጎደለን ዋጋ በግልጽ መገመት ግን ነውር የለበትም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ዬትስ የመገመቻ ቀመሩን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ ግምቱ በጽሑፉ ይገለጻል፣ ለእያንዳንዱም ከስሕተቱ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ስሕተቱን ለመገመት ከሚያገለግሉት ነፃ መረጃዎች ብዛት) አንድ ይቀነሳል፤ በአንቺ ሙከራ 15 የነበረው 12 ይሆናል። የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች ባዶውን ባዶ ትተውም ያሰላሉ። አማካሪሽን ይህን ይዘሽ አነጋግሪያቸው፤ እምቢ ካሉ ጉዳዩን ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አቅርቢ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ኔዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዲድሪክ ስታፔል ዳታ መፍጠሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጋለጥ፣ ጥቆማውን የሰጡት ወጣት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ እሱ በፈጠረው ዳታ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩ ተማሪዎችም ጉዳቱ ደርሶባቸዋል።

ወንድምሽ ተሳስቷል። የበሬው ውለታ አለብሽ፤ ይሁን እንጂ አባትሽ በሬያቸውን የሸጡት ልጃቸው እንድትማር እንጂ ሐሰት ላይ እንድትፈርም አይደለም። ደግሞም ሙከራው በ21 ፕሎት ሊተነተን ስለሚችል ዓመት የሚያስጨምር ነገር አይታየኝም።

ማስተማር ወይስ ምርምር ማዕከል ላልሽው፣ መስክ የምትወጂ ከሆነ ማዕከሉን እመርጥልሻለሁ። ስለ እንግሊዝኛሽ ለጠየቅሽኝም፣ በየቀኑ አንድ ገጽ በመጻፍ ይሻሻላል።

ዛሬውኑ የመስክ መዝገብሽን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺው። በ3ቱ ፕሎቶች ትይዩ «ውርጭ መታው» ብለሽ ከነቀኑ ጻፊና ፈርሚ፤ የተሳሳተ ቁጥር ካለም ሳትፍቂ፣ የቀድሞው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ሰርዢው።